የአያ ስመኘው አውጫጭኝ

አያ ስመኘው መሞታቸውን የሰማሁት ቢቸና መናኸሪያ ውስጥ፣ ከሞጣ ከመጣ አንድ የማላውቀው ተሳፋሪ አፍ ነው። ሰውዬው ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የሚወርድለትን ማዳበሪያ እየተቀበለ ለጓደኛው «ያ ሬዲዮ ጠጋኙ ሽማግሌ፣ ግራ እጁን ከኪሱ የማያወጣው፣ ትናንት ተቀበረ» ሲለው ጆሮዬ ጥልቅ አለ። ሄጄ ክንዱን ያዝኩት።

«ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«መሞታቸውን። ቀብሩ ላይ ነበርህ? ወይስ ሰው ነው የነገረህ?»

ሰውዬው ክንዱን አስለቅቆ ከላይ እስከ ታች ገረመመኝና «ምነው፣ ፖሊስ ነህ እንዴ?» አለኝ። ቀብሩ ላይ እንደነበረ፣ አፈር ሲመለስም እንዳየ ነገረኝና ይህን ያህል የማደርቀው ዘመዴ ሆነው እንደሁ ጠየቀኝ። ዘመዴ አይደሉም አልኩት። 

ወሬ ሲመጣ በየት በኩል እንደመጣ ጠይቅ፣ ምን እንደሚል ኋላ ትሰማዋለህ፤ ይህን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። እኔ ድሮም ተጠራጣሪ ነኝ። ቢቸና ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ ጊታር እጫወታለሁ። ተማሪ ከኋላ ወንበር ሲስቅ በኔ ነው እላለሁ። የቢሮ በር ስከፍት ሰዎች ዝም ካሉ ስሜ ተነስቶ ነበር እላለሁ። ሚስቴ «አንተ በጥላህም ትጣላለህ» ትለኛለች። ነገር ግን እኔ የምጠረጥረው እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው፤ የመጀመሪያውን መልስ አገኝና ወረቀቴን አስረክባለሁ። አያ ስመኘው ግን ጥርጣሬን እንደ ሥራ የያዙ፣ ጀምረው የሚጨርሱ ሰው ነበሩ።

ሞጣ ውስጥ ከገበያው ጀርባ አንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረቻቸው። በወጣትነታቸው ወታደር ቤት የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሯቸው ከፊታቸው የሚቀድም ሰው ናቸው። ዕቃ ሲከፍቱ ቀኝ እጃቸው ብቻ ይሠራል፤ ግራ እጃቸው ከካፖርታቸው ኪስ አይወጣም። ድምፅ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ዕቃ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ፣ ባለሥልጣንም ይሁን ለማኝ፣ ሦስት ነገር ይጠይቁታል። መቼ ጀመረው? ከዚያ በፊት ማን ነካው? በምን?

ከተማው ይህን አይወድላቸውም ነበር። ሬዲዮ ለማሠራት ሄዶ ቃል መስጠት ማን ይወዳል? «ጆሮ ጠቢ ነው» ይሏቸዋል ከኋላቸው። ስለ ግራ እጃቸው ያልተወራ የለም። አንዱ ሽጉጥ ይዞ ነው ይላል፣ ሌላው ድምፅ መቅጃ ነው ይላል። ሱቃቸው ውስጥ ሰው ስለ ዝናብ እንኳ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ደግነቱ ከእርሳቸው ሌላ ጠጋኝ ስላልነበረ ሁሉም እየተሳቀቀ ይመጣል።

አንድ ቀን እኔ ባለሁበት አንዲት ሴትዮ ድምፅ ያጣ ሬዲዮ አመጡ። ማን ነካው ሲሏቸው «ማንም! እግዜር ምስክሬ ነው፣ ማንም አልነካውም፣ ራሱ ነው ዝም ያለ» አሉ። አያ ስመኘው ከፈቱት። በካቻቢቴ ጫፍ አንዲት ሽንብራ አወጡና የሴትዮዋ መዳፍ ላይ አስቀመጧት።

«ይቺስ ራሷ ናት ሂዳ የገባችው?»

ሴትዮዋ ቤት ያለውን የልጅ ልጅ ስም ጠርተው ሳቁ። አያ ስመኘው አልሳቁም። «እሜቴ፣ ማንም አልነካውም አይበሉ። ማን እንደነካው አላውቅም ይበሉ። ልዩነት አለው» አሏቸው።

ስለ ግራ እጃቸው እኔ ራሴ ጠይቄያቸዋለሁ። ሳቅ አሉና «ሁለቱንም እጄን ካስገባሁ ኤሌክትሪኩ ባንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። መሃል ላይ ልብ አለ። ስለዚህ አንዱን አስራለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም «ሰው እኔን ይጠረጥራል፤ እኔ የምጠረጥር ይሄን እጄን ነው» አሉ። እኔ ፊዚክስ አስተማሪው ነኝ፤ ይህን እኔ ልነግራቸው ይገባ ነበር።

መጀመሪያ ወደ እርሳቸው የወሰደኝ የጊታሬ ጩኸት ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ጣትህን ከክሩ ስታነሳ ዝም ማለት ሲገባው ዝም አይልም። አያ ስመኘው ጊታር መያዝ አያውቁም፣ የጊታር ጩኸት ግን በዓይነት ለይተው አስተማሩኝ። ወፍራሙ፣ ጉም የሚለው፣ ከመብራቱ ነው የሚመጣ። ጭር ጭር የሚለው ከላላ ሽቦ ወይም አቧራ ከያዘ መዘውር ነው። የሚያፏጨው ደግሞ ጊታሩ የገዛ ድምፅ ማጉያውን ፊት ለፊት ሲያየው ነው። «አንድ ባንድ ንቀል፣ አንድ ባንድ ሰካ። ሁለት ነገር ባንዴ የሚነካ ሰው እውነቱን አይፈልግም፣ መገላገል ነው የሚፈልግ» ይሉ ነበር። የዚያን ቀን ጥፋተኛው ገመዱ ሆነ፤ ጫፉ ላይ ብየዳው ለቆ ነበር። በየዱልኝ፣ ሄድኩ።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልግባ።

ቡድናችን ያን ጊዜ ሁለት ሰው ነበር፤ እኔና ትርንጎ። ትርንጎ ድምፃዊት ናት፤ በቢቸና ዙሪያ እሷ ያልዘፈነችበት ሠርግ ሠርግ አይባልም። ከሦስት ዓመት በፊት የአክስቷን ልጅ ይታያልን ከነኪቦርዱ አመጣችው። አብረው ያደጉ ናቸው፤ እሱ «እታለም» ይላታል፣ እሷም ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥታ አስቀመጠችው። ዝምተኛ ልጅ ነው፣ ሃያ አምስት ቢሞላው ነው። ኪቦርዱ ከበሮ ይመታል፣ ማሲንቆ ይመታል፣ ዋሽንት ይነፋል። አንዲት ቁልፍ ሲጫን ደግሞ ጊታር ይሆናል። የኔን ጊታር። የመጀመሪያውን ልምምድ ጨርሰን ቤቴ ስገባ ሚስቴን «ከእንግዲህ እኔ ለምን አስፈልጋለሁ?» አልኳት። እውነተኛው ነገር ይኼ ነው፤ ፈራሁ።

ጉምጉምታው የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ጊታሩም፣ ማይኩም፣ ኪቦርዱም የሚሰኩት አንድ አምፕሊፋየር ላይ ነው። ይታያል ኪቦርዱን ሲሰካ ጉምምም ይላል፤ ሲነቅል ይጠፋል። በደብተር መዘገብኩት። ሲሰካ አለ፣ ሲነቅል የለም፤ ሲሰካ አለ፣ ሲነቅል የለም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላየሁም። እንዲያውም ጩኸቱ የሚብሰው የኔ ሶሎ ሲደርስ መሰለኝ። ሆን ብሎ ነው አልኩ።

ከዚያ አንድ የቢቸና ሠርግ መጣ። ቀን ነው፣ ድንኳኑ ውስጥ አቧራ እንዳይነሳ መሬቱ ውሃ ተረጭቷል፣ ቄጠማ ተነስንሷል። የትርንጎ ጫማ ተረከዝ ጭቃው ውስጥ ሲሰጥምባት አውልቃ ጣለችው። ሁለተኛውን ዘፈን ልትጀምር ማይኩን ወደ አፏ አስጠግታ ከንፈሯ እንደነካው ነዘራት። እጇ ማይኩን ጨብጦ ቀረ። ይታያል ነው የመብራት ማከፋፈያውን በእግሩ መትቶ የነቀለው። እሷ ቄጠማው ላይ ወደቀች። ስትነሳ ከንፈሯ ደምቷል፣ ትንፋሽዋ አልተመለሰም ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? በዚያ ሁሉ ሠርገኛ ፊት ጣቴን ቀስሬ «የሱ ኪቦርድ ነው! ስነግራችሁ ከርሜያለሁ!» አልኩ።

ወሬው ወዲያው ከተማውን አዳረሰ። ሰው የሚያስነዝር ኪቦርድ ተባለ፤ ሁለት ባለሠርጎች ይታያልን ይዛችሁ አትምጡ አሉን። ትርንጎ ግን ቀና ሰው ናት። ከንፈሯ አብጦ፣ በደንብ መናገር እያቃታት፣ ሁለታችንንም ጠርታ ፈረደች።

«አያ ስመኘው ዘንድ ሂዱ። እሱ ነው ካሉ ከቡድኑም ከቤቴም ይውጣ። በነፍሴ ከቀለደ ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አላድርም። አይደለም ካሉ ደግሞ አንተ መምህሩ እግሩ ላይ ወድቀህ ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

ለአያ ስመኘው ደወልኩ። ምን ምን ላምጣ አልኳቸው። «ያለውን ሁሉ። የጎደለች ነገር ካለች አልነካውም። ከሳሹም ተከሳሹም ይምጡ» አሉኝ። ሰኞ ፈቃድ ወስጄ፣ ዕቃውን ጣሪያ ላይ ጭነን፣ በደብረ ወርቅ በጉንደወይን ሞጣ እስክንደርስ ከይታያል ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። እሱ ኪቦርዱን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ ይዞ ነበር።

አያ ስመኘው ሱቃቸውን ጠርገው ጠበቁን። ዕቃውን ሁሉ መሬት ላይ ክብ አድርገው ደረደሩት፤ ጊታሩን፣ ገመዱን፣ ማይኩን፣ ኪቦርዱን፣ የኪቦርዱን አዳፕተር፣ ማከፋፈያውን፣ አምፕሊፋየሩን። ከዚያ ሁለት ዱካ አመጡና ክቡ ውስጥ አኖሯቸው።

«እናንተም ግቡ።»

«እኛ ለምን?» አልኩ።

«አውጫጭኝ ነዋ፣ መምህር። ድሮ ባገራችን ላም ስትጠፋ አገሬው ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። ላሚቱ የጠፋችበት ሰውዬም አብሮ ይቀመጣል። ለምን እንደሁ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ራሱ ሸጧት ሊሆን ይችላላ።»

ይታያል ትንሽ ፈገግ አለ። እኔ አልሳቅሁም።

ጀመሩ። ግራ እጅ ኪስ ውስጥ። አምፕሊፋየሩን ብቻውን አበሩት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ደህና ነው። ጊታሩን ሰኩ፤ ትንሽ ጉም አለ። ጊታሩን አቅፌ ወደ ግድግዳው እንድዞር አዘዙኝ፣ ቀነሰ። የሱቁን ዘንግ አምፖል አጠፉ፣ ጭራሽ ተወ። «ይኼ የመብራቱ ነው፤ ነጻ ነው» አሉና ጊታሩን ከክቡ አውጥተው ግድግዳ አስደገፉት። ገመዱን አወዛወዙት፣ ጠመዘዙት፣ ነጻ ነው። ማይኩ ነጻ ነው። ኪቦርዱን በአዳፕተር ፋንታ በባትሪ ድንጋይ አበርተው ሰኩት። ዝም።

ከዚያ አዳፕተሩን አስገቡ። ጉምምምም!

«አላልኩም?» ብዬ ከዱካዬ ተነሳሁ። «አላልኩም አያ ስመኘው?»

«ተቀመጥ። ጩኸቱን አገኘነው እንጂ ጥፋተኛውን አላገኘነውም።»

አንድ ረጅም ሽቦ አመጡ። አንዱን ጫፍ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ያለው ብሎን ላይ አሰሩ፣ ሌላውን በመስኮት አሳልፈው ጓሮ የተተከለ ብረት ላይ ጠመጠሙት። ባለቤታቸውን ጠርተው ብረቱ ሥር አንድ ጆግ ውሃ አፈሰሱ። ጉምጉምታው በአንዴ ጠፋ። አዳፕተሩ እንደተሰካ ነው፣ ኪቦርዱ እንደበራ ነው፣ ግን ዝም። ባለቤታቸው ከጓሮ «በቃ?» ሲሉ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ተሰማ።

«አያችሁ?» አሉ። «አዳፕተሩ ትንሽ ጉድፍ ይጥላል። የማይጥል አዳፕተር የለም። ጉድፉ ወደ መሬት የሚወርድበት ቦይ ያስፈልገዋል። ቦዩ ሲደፈን ሳጥኑ ውስጥ ይጮኻል፤ እግሯ እርጥብ የሆነች ሴት ካገኘ ደግሞ በሷ ይወርዳል። እንግዲህ ጥያቄው ቦዩን ማን ደፈነው ነው።»

የአምፕሊፋየሩን ሶኬት አነሱ። ባለ ሦስት እግር ነው። መሃለኛዋ እግር ያለችበት ቦታ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። በጥፍራቸው ፈቱት። መሃለኛዋ እግር፣ የመሬቷ፣ የለችም። ጉቶዋ ብቻ ነበረች።

«ይቺን እግር ማን ቆረጣት?»

እኔ ነኝ። ይታያል ከመምጣቱ ብዙ በፊት፣ ቢቸና ውስጥ አንድ አሮጌ አዳራሽ ስንጫወት፣ ግድግዳው ላይ ያለው ማስገቢያ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነበር። ሠርገኛው እየገባ ነው፣ ትርንጎ ቶሎ በል ትለኛለች። በፒንሳ ይዤ ነቅነቅ ነቅነቅ አድርጌ ቆረጥኳት፣ እንዳያስጠላ በፕላስተር ጠቀለልኩት። በአገራችን ይህን ያላደረገ ቤት የለም፤ ሦስተኛዋን እግር ሁሉም ትርፍ ናት ይላል። እኔ ግን ለዐሥረኛ ክፍል የመሬት ሽቦን ጥቅም በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ሥዬ የማስተምር ሰው ነኝ። ረስቼው ነበር ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ነገር ግን አያ ስመኘው ፕላስተሩን መፍታት ሲጀምሩ መዳፌን አልቦኛል። የረሳ ሰው መዳፉን አያልበውም።

«ስንገዛውም እንዲሁ ነበር» አልኩ።

«እንዲሁ ነበር?»

«አዎ።»

አያ ስመኘው ሄደው የሱቁን በር ዘጉ። ተመልሰው እርሳቸውም ክቡ ውስጥ ገቡና አንድ ጣውላ ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያስ እንቀመጣለን» አሉ።

ተቀመጥን። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ደንበኛ መጥቶ በር አንኳኳ፣ «ነገ» አሉት። ባለቤታቸው በጓሮ በኩል ምሳ አመጡ፣ ከአንድ ትሪ በላን፤ «ተጠርጣሪም ይበላል» አሉና ለሁለታችንም አጎረሱን። ስለ ጉዳዩ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ዝም ብለው ያዩኛል፣ ይታያልን ያዩታል፣ ሶኬቱን ያዩታል። አንድ ጊዜ ብቻ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው «መጠርጠር ጥሩ ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር። መጥፎው ነገር፣ ሰው ላይ ሲደርሱ ቆሞ፣ ራስ ላይ ሳይደርሱ መመለስ ነው» አሉ።  ያውቃሉ አልኩ በልቤ። ደግሞ አይ፣ ሊያስፈራሩኝ ነው፣ ማስረጃ የላቸውም አልኩ። ወደ ቢቸና የሚሄደው የመጨረሻ መኪና የሚነሳበት ሰዓት እየቀረበ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ይታያል ከዱካው ተነሳ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ደነገጥኩ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፣ ድካም ብቻ ነው ያየሁበት። ወደ እኔ አልዞረም።

አያ ስመኘው እንደ ልማዳቸው ጠየቁት። «መቼ?»

«የመጣሁ ሰሞን።»

«በምን?»

ትንሽ አሰበ። «በቢላዋ።»

አያ ስመኘው አውራ ጣታቸውን ጉቶዋ ላይ አሳረፉ። ከሁለት ወገን ተጨፍልቃ የተቆረጠች ብረት ናት፤ የፒንሳው ጥርስ ምልክት እስካሁን አለ። ይታያል ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ የተጠራቀመ አቧራና የፕላስተር ሙጫም አለባት። «በቢላዋ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ እኔን አዩኝ። ጊዜ ሰጡኝ። ያን ያህል ጊዜ የሰጠኝ ሰው በሕይወቴ የለም፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። እኔ ወደ ወለሉ አየሁ።

ልዋሽ አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ራሱ ነኝ ካለ እኔ ምን አገባኝ አልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚሉት እኔን ነው፤ እኔ ግን ማላከክ እንኳ አላስፈለገኝም፣ ዝም ማለት በቃኝ።

አያ ስመኘው አዲስ ሶኬት ገጠሙልን፣ በሩን ከፈቱ። ይታያል ዕቃ ሊጭን ሲወጣ እኔን ወደኋላ አስቀሩኝ።

«ጩኸቱ ጠፍቷል፣ መምህር። አውጫጭኙን ግን አልበተንኩትም።»

ቢቸና ስንደርስ ይታያል ለትርንጎ ያንኑ ነገራት። እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ ነው አላት። ትርንጎ አላለቀሰችም። ክፍሉ ገብታ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ከተተችና በራፍ ላይ አኖረችው። «የእናትህ ጡት ያሳደገኝ ስለሆነ ነው ያመንኩህ» አለችው። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። ሻንጣውን አነሳ፣ ኪቦርዱን አነሳ፣ ሄደ። የት እንደሄደ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ መሣሪያችን ከመቼውም የበለጠ ንጹሕ ሆነ። ጣቴን ከክሩ ሳነሳ ፍጹም ዝምታ ይሆናል። ያ ዝምታ አስጠላኝ። ሰው ሁሉ ያወቀብኝ ይመስለኝ ጀመር፤ ትርንጎ ትክ ብላ ስታየኝ አውቃለች እላለሁ፣ ሾፌሮች ሲሳሳቁ ከሞጣ ሰምተው ነው እላለሁ። ሞጣን እርም አልኩ። ዕቃ ሲበላሽ ሌላ ከተማ እልካለሁ። አያ ስመኘው አልደወሉም። ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በሁለት የተለያዩ ሾፌሮች፣ አንድ ዓይነት መልእክት ላኩብኝ። «ተቀምጠናል በለው ብለዋል» አለኝ ሁለተኛው ሾፌር። «ምን ማለታቸው ነው?» ሲለኝ «እንጃ፣ አርጅተዋል» አልኩት። ይኸውና፣ አንድ ተጨማሪ ውሸት።

የመሞታቸውን ወሬ በሰማሁ በማግስቱ ሞጣ ለቅሶ ደረስኩ። በቤታቸው በራፍ ድንኳን ተተክሏል። ለዓመታት ጆሮ ጠቢ ሲላቸው የኖረው ከተማ ግማሹ እዚያ ተቀምጧል። ለቀስተኛውን እጅ የሚያስታጥበው ይታያል ነበር። ጆጉን እንደያዘ አየኝ፣ አልደነገጠም። «እንኳን መጣህ መምህር፣ እጅህን ታጠብ» አለኝ። እጄን ሳልታጠብ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ይዤው ሄድኩ።

«ያቺን እግር የቆረጥኳት እኔ ነኝ» አልኩት።

«በምን?» አለኝ።

«በፒንሳ።»

«በፒንሳ ነው» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «እርሳቸው በዚያችው ቀን አውቀዋል። እኔ ቢላዋ ስል ሳቃቸውን ነው የዋጡት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«ያን ቀን አንዳችን ነኝ ካላልን በሩ አይከፈትም ብዬ ነው የተሸከምኩት፤ ኋላ ለእታለም ልንገራት ብዬ ነበር። ራሱ ይምጣ አሉኝ። በሰው አፍ የወጣ እውነት ሁልጊዜ ይጠረጠራል አሉ። እኔን ግን በሳምንቱ አስፈልገው የሱቁን ቁልፍ ሰጡኝ። አንተም ታውቃቸዋለህ፣ ካቻቢቴ እንኳ ለሰው አያበድሩም። ለምን ያምኑኛል አልኳቸው። ያላጠፋውን የሚሸከም ሰው ዕቃ አይሰርቅም፣ ግን ሞኝ ነህ፣ ሁለተኛ እንዳትዋሽልኝ አሉኝ። ይኸው ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ከእርሳቸው ጋር ነበርኩ።»

አለቀስኩ። ለእርሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም። ይታያል እስክጨርስ ጠበቀኝና ጆጉን መሬት አስቀመጠ።

«ለኔ መንገርህ ምንም አያደርግልኝም፣ መምህር። እኔማ አውቀዋለሁ። እታለም ናት የማታውቀው። ልጅ ስትወልድ የልጇን ስም ከመንገደኛ ነው የሰማሁት።»

ስልኬን አወጣሁ።  ትርንጎ አነሳች፤ የለቅሶውን ድምፅ ሰምታ «ሞጣ ደረስህ? ነፍስ ይማር» አለች። ጊዜ ብሰጠው እንደማልናገረው አውቃለሁ፣ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። አዳራሹን፣ ፒንሳውን፣ ፕላስተሩን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይታያል ከዱካው መነሳቱን፣ እኔ ወለሉን ማየቴን።  

«ሻንጣውን ሳወጣ ቆመህ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«አጥሩ ሥር ቆመህ አይተሃል።»

«አዎ፣ ትርንጎ።»

«አጠገብህ አለ?»

«አለ።»

«ስልኩን ስጠው።»

ለኔ ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ እስካሁንም አልተናገረችኝም። ስልኩን ዘረጋሁለት። ይታያል እርጥብ እጁን ሸሚዙ ላይ ጠረገና ተቀበለኝ፣ ጆሮው ላይ አደረገው።

«እታለም» አላት።

ከዚያ በላይ መስማት የሚገባኝ ሰው አልነበርኩም። ወደ ድንኳኑ ተመለስኩና ከለቀስተኛው መሃል ተቀመጥኩ።